የጾሙ በግራ፣ የፍስኩ በቀኝ

ብዙነሽ ጥፋቷን ያወቀችው፣ ከአውቶቡስ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ዳቦዋን አንስተው አሽትተው መልሰው ሲያስቀምጡት ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ቅቤ ነው። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ዘነጋሽው?»

ክው አለች። ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ሲበላ ስለከረመ ልማዱ አዘናግቷት ኖሯል። ጰራቅሊጦስ ያለፈው እሑድ ነው፤ የሰኔውን ጾም ሰዉ ለቄሶች ቢተወውም፣ ዛሬ የመጀመሪያው የጾም ረቡዕ፣ የዳቦ ቤቷም የመጀመሪያ ቀን። ከሽማግሌው ኋላ የመጡት መንገደኞችም እያሸተቱ፣ ምራቃቸውን እየዋጡ ተመለሱ።

ብዙነሽ በደሴ ከተማ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምራለች። ትምህርቱ የጨመረላት ነገር ቢኖር የሚመጣውን መዓት በዝርዝር ማሰብ ነው። ምድጃው ሲፈነዳ፣ የአራት ዓመቷ ልጇ ማሚቴ ፍም ስትጨብጥ፣ ያዘለችው ሕፃኑ ታረቀኝ በጭስ ሲታፈን፣ ሁሉን አስባ ተዘጋጅታለች። ቀን መቁጠር ግን አላሰበችም።

መዘዙ ቀላል አልነበረም። የምትጋግርባት ክፍል የባሏ ታላቅ ወንድም የሞላ ናት፤ ከአፋር በረሃ የሚያስመጣውን ጨው ያከማችባት ነበር። ባሏ ተሾመ ወደ መንገድ ሥራው ሳይመለስ በፊት ለምኖላት ሞላ እሺ ቢልም፣ በአገር ሽማግሌዎች ፊት እንዲህ ብሏል፦ «ትሞክረው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ዳቦ እንኳ ካደረችባት ግን ጨዌን መልሼ አስገባለሁ።» ሞላ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

«አለቀልኝ!» አለች ብዙነሽ።

«ምኑ ነው ያለቀልሽ? ዳቦው እንደሆን ሞልቷል» አለች ከጎኗ በርበሬ የምትቸረችረው አሲያ፣ ወንፊቷን አስቀምጣ እየመጣች።

«አሲያ፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው!»

«ለእናንተ! እኔ መቼ ጾምኩ?» አሲያ አንዱን ዳቦ ገመሰችና «ቢስሚላህ» ብላ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «አንቺ ሴት፣ ይኼን ይዘሽ ነው የምታለቅሺ? ቅቤ ያልገባበት ሊጥ አለሽ?»

«ለነገ ያቦካሁት አለ።»

«በይ እሱን በሰሊጥ ዘይት አሽተሽ ጋግሪ። ይኼኛውን ለኔ ተይው።»

ብዙነሽ ተነሣች። የመጋገሪያ ቆርቆሮዎቹን በአመድ ፈተገች፣ በፈላ ውሃ አለቀለቀች፤ እጇንም እስከ ክርኗ ታጠበች። በቆቦ ሙቀት ሊጡ ገና በጠዋቱ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ሊገፋ ደርሷል። ታረቀኝ ጀርባዋ ላይ ሲያለቅስ በወገቧ እያወዛወዘች ዘይቱን አሸችበት። ማሚቴ የራሷን ሊጥ ከአፈር ጋር ታቦካለች። ከደጅ የአሲያ ድምፅ ይሰማል፦

«የጾሙ በግራ፣ የፍስኩ በቀኝ! በድረዲን፣ ምን ያስቆምሃል? ሚስትህ እንዲህ ያለ ጋግራልህ ታውቃለች?»

«ሚስቴን አትንኪብኝ፣ አራት ስጪኝና!»

እኩለ ቀን ላይ ከወደ ጎብዬ ሌላ አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ደረሰ። የብዙነሽ ልብ ከጡሩምባው እኩል ዘለለ። ነጠላ የለበሱት ወደ ግራ፣ ሽርጥ ያሸረጡት ወደ ቀኝ ተሰለፉ። አንዲት ሴትዮ የግራውን ዳቦ አገላብጠው እያዩ፣ «ቅቤው አልነካውም?» አሉ።

«በመድኃኔ ዓለም እማማ፣ ቆርቆሮውን ስፈትግ እጄ ተልጧል!»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ብዙነሽ መዳፏን ዘረጋች። ሴትዮዋ አዩና አምስት ዳቦ ወሰዱ። ሾፌሩ ክርስቲያን፣ ረዳቱ እስላም ነበርና ከሁለቱም ወገን ገዙ። ብዙነሽ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ የሳቀ ያለቅሳል ብላ አፏን ያዘች።

ፀሐይ ለዞብል ተራሮች ጀርባዋን ስትሰጥ የግራው ቅርጫት ባዶ ሆነ። በቀኙ አንዲት የቅቤ ዳቦ ብቻ ቀረች። መንገዱ ጭር ሲል ሞላ ጨው የተጫኑ አህዮች እየነዳ ከች አለ።

«እንዴት ዋልሽ? ጨዌን ይዤ መጥቻለሁ» አለና ቅርጫቱን አየ። «አንዲት አለች።»

«ገና አልመሸም፣ ጋሼ ሞላ።»

«ማን ሊገዛሽ? እኔ እንዳልበላልሽ ጾመኛ ነኝ።»

ብዙነሽ ወዲያና ወዲህ አማተረች። አሲያ በርበሬዋን ልታስገባ ሄዳለች፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። በዚህ ጊዜ ማሚቴ ከተኛችበት ማዳበሪያ ላይ ዓይኗን እያሸች ተነሣች።

«እማዬ፣ ራበኝ።»

ብዙነሽ ልጇን አየች፣ ዳቦዋን አየች። ከዚያ ዳቦዋን ገምሳ በሁለቱ ትናንሽ እጆች አስያዘቻት። «ብዪ የኔ እናት። ልጅ ጾም የለበትም።»

ማሚቴ ቅቤው አገጯ ላይ እስኪወርድ በላች። ሞላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ይኼ ሽያጭ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልተሸጠች አላሉም፤ ካደረች ነው ያሉት። በሽማግሌ ፊት። ይኸው አላደረችም።»

«ወላሂ ሆዷ ውስጥ ታድራለች!» አለች አሲያ ተመልሳ በደጅ ብቅ ብላ።

ሞላ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሳቁ አህዮቹን አስበረገገ። «እኔን ብሎ ነጋዴ!» አለና ጎንበስ ብሎ የማሚቴን አገጭ በጋቢው ጠረገ። «ነገስ ስንት ትጋግሪያለሽ?»

«እጥፉን!» አለች ብዙነሽ ሳታስበው። ደግሞ ደነገጠች። «ነገ ሐሙስ ነው አይደል?»

«ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ነው!» ሞላ አህዮቹን ወደ ራሱ ቤት መለሰ። ብዙነሽ ፍሙን አጠፋች፤ መጥፋቱን በእጇ ዳብሳ አረጋገጠች። ታረቀኝን አዘለች፣ ማሚቴን አስወጣች። በሩን ገጥማ ቁልፉን አዞረችና፣ መቆለፉን ጎትታ አየች።