ስምንተኛው በር

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ቁጭ ብድግ፣ መስኮት መክፈት፣ መልሶ መዝጋት። ሳሎኑን ከዳር ዳር ስትመላለስበት እናቷ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። የሟችን ስም በቤቱ የሚያነሳ አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት የእሷንና የወንድሟን የልጅነት ጌም፣ በእጅ የሚያዘውን፣ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደችው። እንደ ጡብ የሚከብድ ነገር ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ታዋቂውን ትንሹን ጌም ሲይዝ፣ አባታቸው ይሄኛው ይረክሳል ብሎ ገዛው፤ ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው ከሰረና አዲስ ጨዋታ መምጣቱ ቀረ። ስድስት ባትሪ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። ጨዋታው አንድ ሰውዬ ስምንት በሮችን በየተራ እንዲከፍት መርዳት ነው፤ የደረሱበትን ግን አይመዘግብም፤ ከጠፋ እንደገና ከአንደኛው በር ነው። ስለዚህ ወንድሟ ሲጫወት እሷ የደከሙትን ባትሪዎች ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ታሞቃለች፤ ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ስምንተኛውንና የመጨረሻውን በር ከፈትኩት አላት። ከበሩ ኋላ ባሕር አለ፤ ሰውዬው ጀልባ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ስንት ጊዜ እንደገና ንገረኝ ብላዋለች።

አሁን ያንን ባሕር ማየት ፈለገች። ከዚያ ሌላ ምንም አላማራትም። ጎረቤታቸው ራዲዮ ጠጋኙ፣ ይሄ እኮ ዕቃ ሳይሆን ቅርስ ነው እያለ እየቀለደ፣ ያለ ባትሪ እንዲሠራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ አበጀላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳችም። እግሯ ግን ወለሉን ሲደበድብ ዋለ። ስምንተኛው በር ተከፈተ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ቀጣዩ ክፍል በቅርቡ ይመጣል የሚል አንድ መስመር ታየ፤ ወዲያው አንደኛው በር ተመልሶ ድቅን አለ። ባሕር የለ፣ ጀልባ የለ።

"አንተ ውሸታም" አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ማንን ነው የምትሰድቢው?"

"ልጅሽን። ባሕር አየሁ ብሎ ሲያታልለኝ ኖረ። ምንም የለም።"

እናትየው እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆመች። ፊቷ ላይ የመጣው ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እኔንስ መች ማረኝ" አለች። "ጥርሴን ፋቅሁ ለማለት ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይመልሰው ነበር። ዓመት ሙሉ።"

ልጅቷ ጌሙን ሳታጠፋ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

"ሌላስ?" አለቻት።