ዘይቱና ኔትወርክ ፍለጋ ደብረ ሲና የወጣች ጊዜ

«ኔትወርኩን ሙቀት ነው የጣለው አሉ! ተክሌ ለሚስቱ ሲነግራት በአጥር ሰማሁ» አለች የዘይቱና ጎረቤት ሰገነት፣ ገና ደጁን ሳትዘልቅ። «ደብረ ሲና ግን ብርድ ስለሆነ ይሠራል አሉ።»

የዘይቱና ልብ ዘለለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀ ሰሞን ነው፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኢሞ የለ፣ ፌስቡክ የለ። ልጇ ኑርሃን ደግሞ ከጅዳ በተራ ስልክ ደውላ፣ «እማ፣ እዚህ ያለ የካራቆሬ ልጅ፣ ረድዋን የሚባል፣ ለኒካህ ጠይቆኛል። እስከ ጁምዓ እሺ ወይ እምቢ በይኝ። መልኩ ያምራል» ብላታለች። የወደደ ዓይን ምን ያያል! ዘይቱና ፊቱን በኢሞ ሳታይ ልጇን ላትድር ወላሂ ብላ ምላለች።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ዳገቱን ወጣች። ደብረ ሲና ስትወርድ ብርዱ ጥርሷን ያንቀጫቅጫት ጀመር። ሻሿን ተከናንባ ስልኩን ወደ ሰማይ ብትዘረጋ፣ ወደ ገደሉ ብታዞር፣ ወፍ የለም።

አንዲት ቆሎ ሻጭ አይታ አይታ፣ «እናቴ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አለቻት።

«ኔትወርክ። እኛ ጋ ሙቀቱ ጥሎት ነው።»

ሴትዮዋ ቆሎዋ እስኪደፋ ሳቀች። «የእኛንስ ምን ጣለው፣ ብርዱ? ተዘግቶ ነው እንጂ፣ አገር ሙሉ!»

ዘይቱና ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብሶቷን ለተሳፋሪው ሁሉ ዘረገፈችው። አጠገቧ ወደ ካራቆሬ የምትሄድ ሐጂራ የምትባል ሴት ተቀምጣለች።

«ረድዋን? የአደም ልጅ? ኧረ ጎረቤቴ ነው!» አለች ሐጂራ። «ለእናቱ ቤት የሠራላት፣ ሶላት የማያጓድል። ብቻ ራሱ ላይ ፀጉር የሚባል የለም። ለዚህ እኮ ነው ያለ ኮፍያ ፎቶ የማይነሣው!»

ዘይቱና እስከ አርማንያ ስትስቅ ወረደች። እናቱን የጦረ ልጅ፣ ፀጉር ምን ይሠራለታል? ጁምዓ ኑርሃን ስትደውል፣ «እሺ ብያለሁ፤ ለኒካሁ ግን ኮፍያውን ያውልቅ» አለቻት። የመላጣውን ነገር ለሰገነት ብቻ ነው የነገረቻት፣ ያውም በጆሮዋ።

ቅዳሜ የሴቶቹ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢዋ እትዬ ደመቀች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንተርኔቱ የተዘጋው ወሬ ከአገር አገር እንዳይዛመት ነው። ይኸው ተዘጋ፣ ወሬም ቆመ!» አሉና ወዲያው ወደ ዘይቱና ጠጋ ብለው፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ። ግን... መላጣ ነው አሉ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ዘይቱና ፊቷ በርበሬ መሰለ። ያኔ ሰገነት ከኋላ እጇን አወጣች።

«እትዬ ደመቀች፣ ወሬው ከቆመ፣ ጅዳ ያለውን መላጣ በምን አዩት?»