የአትናቴዎስ ግማሽ ድርሻ

የጓሳ ሣር የሚታጨድበት ቀን ሲደርስ የአትናቴዎስ ጎጆ ክዳን አርጅቶ ሰማይ ያሳይ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ አዲስ ሣር ካላለበሰው አራስ ሚስቱ ጽናት ከነጨቅላዋ ዝናብ ሊወርድባት ነው። ስለዚህ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ችግሩ በጀርባው ያዘለው ነበር።

በጀርባው ያለችው ታላቂቱ ልጁ ሲና ናት። ጡት ከጣለች ገና ወሯ ነው፤ እናቷ ጨቅላውን አቅፋ ባየች ቁጥር እሪ ትላለች። አማቱ «ይቺን ከዚህ አርቅልኝ፣ አራሷ ትተኛ» ብለው በአንቀልባ አሳዘሉት። በእኛ አገር ወንድ ሰው በግ ቢሸከም፣ ገብስ ቢሸከም ማንም ዞሮ አያየውም። ልጅ ካዘለ ግን ውሻውም ቆሞ ያየዋል።

ሣሩን የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ ጋሽ ወዳጆ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አትናቴዎስ፣ ዛሬ እናት ሆነህ መጣህ?» አሉት። አጫጆቹ ሳቁ።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ እናቷ አራስ ናት።»

«ይሁና። ድርሻ የሚሰጠው ለሠራ ሰው ነው፤ ልጅ ማዘል ደግሞ ሥራ አይደለም። ልጅ አዝሎ የሚያጭድ ግማሽ ሰው ነው፤ ግማሽ ድርሻ ትወስዳለህ።»

አትናቴዎስ ተናደደ። እኚሁ ሰው ባለፈው ሳምንት ጽናትን እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ መጥተው «ወላድ በድባብ ትሂድ» ብለው መርቀዋል። ምርቃቱን ከአፋቸው ሰጡ፣ ጃንጥላው ግን እስካሁን ከራሳቸው በላይ ነው።

«እሺ፣ በግማሽ ድርሻ ግማሽ ቤት እከድናለሁ» አለ። «በሚያፈሰው በኩል ማንን ላስተኛ፣ አራሷን ወይስ ጨቅላውን? ይቺ ልጅ ክርስትና ስትነሣ እንኳ ቄሱ ሥጋ ወደሙን ግማሽ ነሽ ብለው አልቀነሱባትም። እግዜር ሙሉ ሰው አድርጎ ተቀብሏታል። እርስዎ እሷን ከነአባቷ ግማሽ አደረጓት።»

ጋሽ ወዳጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሲያወሩ የሚረታቸውን ሰው ብዙም አይወዱም።

«በል አምጣት፣ እኔው ቁጭ ብዬ እይዛታለሁ። ሥራ አለመሆኑን ታያለህ። ግማሹ ግን ግማሽ ነው።»

አትናቴዎስ ማጨድ ጀመረ፤ ጆሮው ግን ከድንጋዩ ዘንድ ነበር። መጀመሪያ «ነይ የኔ እመቤት» ሲሉ ሰማ። ቆይቶ «ተይ፣ ጢሜን ልቀቂ»። ከዚያ «ኧረ ገደል ነው!» የሚል ጩኸትና የሩጫ ድምፅ። ቆባቸውን ነፋስ ወሰደው፣ ጋቢያቸው ረጠበ፣ ቆሏቸው አለቀ። ከቀትር በኋላ ደግሞ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ተሰማ፤ ልጅቷን ያስተኙ ይሁን ራሳቸውን ያጽናኑ አልታወቀም።

ሣሩ ሊከፋፈል ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ሲና በጋሽ ወዳጆ ጀርባ በአንቀልባ ተኝታለች። ሽማግሌው ጎብጠው እየዞሩ ለእያንዳንዱ ድርሻውን አደሉ። ለአትናቴዎስ ግማሹን ሰጡት፤ ቃላቸውን አላጠፉም። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ድርሻ ተረፈ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ከአጫጆቹ አንዱ፣ ምንይሉ።

«የእኔ ነዋ» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «ወገቤ እስኪቆረጥ ስሠራ አልዋልኩም?»

አትናቴዎስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ምን ሲሠሩ፣ ጋሼ?» አላቸው።

ጋሽ ወዳጆ በጀርባቸው የተኛችውን ልጅ ዞረው አዩ። ሰው ሁሉ ሊስቅ ሲል ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በሉ፣ ትነሣለች» አሉ በሹክሹክታ። ሙሉውን ድርሻ በእግራቸው ወደ አትናቴዎስ ገፉት። «ጃንጥላውንም ያዝ፣ ፀሐዩ ፊቷን ይመታታል።»

አትናቴዎስ ሣሩን በፈረስ ጭኖ፣ ልጁን አዝሎ፣ ጃንጥላውን ከላይዋ ዘርግቶ ወረደ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀበት። እሱ ግን ደስ ብሎታል፤ ለእያንዳንዱ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ አለፈ።