የሰዋሰው ምትክ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ውሸት ከተገኘች ምላሴ ይቆረጥ፣ የጻፍኩበትም እጅ እንደ ማገዶ ይድረቅ። የጨመርኩት የለም። እንዲያውም የአንባቢ ልብ ቀጥ እንዳይል ስል የቀነስኩት ይበልጣል።

የሴቶቹ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ቀዝቃዛው ነው። በጠራራ ፀሐይ የገባ ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይወጣል። ጸጥታውማ አይወራ! አንዷ ተማሪ ገጽ ስትገልጥ ሌላዋ በድንጋጤ ከወንበሯ ትወድቃለች። መጻሕፍቱ የተደረደሩበት የኋለኛው ክፍል መምህር አይገባበትም። መምህሯ መስኮቱ ጋ ቆማ የፈለገችውን ትናገራለች፣ ሠራተኞቹ ያወጡላታል። በወጣው መጽሐፍ ቦታ ደግሞ የወሳጇ ስም የተጻፈባት ስስ ጣውላ ትቆማለች። ይህችን ጣውላ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች "ምትክ" ይሏታል። እንዲህ እንደሚሏት ከእነሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የቋንቋ መምህርቷን ግቢው ሁሉ "ሰዋሰው" ነው የሚላት። ዘበኛው "ደህና አደሩ" ሲላት እንኳ አነጋገሩን አርማ ነው የምታልፈው። ታናሽ እህቷ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አሳድጋ፣ አስተምራ ለሥራ ያበቃቻት ሰዋሰው ናት። የሚኖሩት ኮሌጁ ለመምህራኑ በሚሰጠው ቤት ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይህ ነገር ሰዋሰውን ሁልጊዜ ያስጨንቃታል፣ ያን ሰሞን ደግሞ ባሰባት።

ያን ሰሞን ዲኗ "መምህራን ይቀነሳሉ" ብለው ነበር። አንድ ጠዋት የሥዕል መምህርቷ ክፍል ተቆልፎ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የስፌቷ። የተሰናበተ የለም፣ የጠየቀም የለም። ዲኗ በኮሪደሩ ሲያልፉ ጫማቸው ቋ ባለ ቁጥር አምፖሎቹ ይደበዝዙ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት ሰዋሰው እህቷን ልጥራት ብላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ አለች። መስኮቱ ጋ ሰው የለም። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ የኃላፊዋ ድምፅ መጣ።

"ለሰዋሰው ምትክ አገኘሽላት?"

"አገኘሁ" አለች እህቷ። "የድሮዋ እኮ ተሰነጣጥቃ አልቆላታል። ነካ ሲያደርጓት ትጮኻለች። ይህችኛዋ ቀጭን ናት፤ ቦታ አትይዝም፣ ድምፅም የላት።"

"ጎሽ! ዲኗ ሰሞኑን ሊጎበኙን ነው፤ ባዶ ቦታ እንዳላይ ብለዋል።"

"ለእሷስ ልንገራት?"

"ምን ያስነግራል? ስትመጣ ታየው የለ!"

ሁለቱም ሳቁ።

ሰዋሰው ክው አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ዘው ብሎ ገብቶ "የምን ምትክ ነው?" ይል ነበር። እሷ ግን ከተፈጠረች የቃል ትርጉም ሰው ጠይቃ አታውቅም።

ግድግዳ እየተደገፈች መምህራን ማረፊያ ክፍል ደረሰችና ለኬሚስትሪዋ መምህርት ሹክ አለቻት።

"ሰው ተክተውብኛል።"

"ማነው ያለሽ?"

"በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ያውም ከገዛ እህቴ አፍ።"

ኬሚስትሪዋ ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ደወል ሳይደወል ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሰዋሰውን ሰላም ማለት እንደ ወረርሽኝ ተፈራ። በዚህ ስትመጣ በዚያ፣ በዚያ ስትመጣ በዚህ! የሒሳቡ መምህርማ ፊት ለፊት እንዳይገጥማት ብሎ በመስኮት ዘለለ። ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ጫፉም አልተነካ።

ቤት ስትገባ እህቷ ልብስ እያጠፈች አገኘቻት።

"የምትነግሪኝ ነገር የለም?"

"ምን እትዬ?"

"ስለ ምትክ።"

የእህቷ ፊት በራ። "ውይ! ማነው ያወጣብኝ? ራሴ ላሳይሽ አልነበር! እንዴት እንዳማረች ብታያት!"

"አንቺ ነሽ የመረጥሻት?"

"ታዲያ ማን ይምረጥልሽ? ከሁሉም ለይቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ስምሽ ብቻ ነው የቀራት፤ እሱን ነገ እሰጣታለሁ።"

"ስሜንም?"

"ያለ ስም ምን ትሠራለች? አንቺ ደግሞ!"

ሰዋሰው ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። አንድ ነፍስ የነበሩት እህትማማቾች ሆድና ጀርባ ሆኑ።

"ይህ ሁሉ ለአንዲት ጣውላ?" ትሉ ይሆናል። ቆዩኝማ።

በማግስቱ ሰዋሰው መምህር ረግጦት ወደማያውቀው ክፍል ዘለቀች። ሰማዩ ባንዴ ጠቆረ። መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ሳለ በመደርደሪያዎቹ መካከል ነፋስ ተነሣ፣ መጻሕፍቱ እየተገላለጡ አጉረመረሙ። እዚያ መካከል ስሟ ቆሟል፤ ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ። እጇን ስትዘረጋ ጣውላዋ ወደ ጨለማው ሸሸች። ከኋላዋ ዲኗ "ቦታሽ ተይዟል" አሏት። ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ዘበኞች ተሸክመው ከግቢው ውጪ ወረወሯት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰዋሰው ክፍል የምታስተምረው ሌላዋ ናት። ቀጭን ናት፤ ድምፅ የላትም፤ ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረች ትውላለች። በበሩ ስናልፍ ጠመኔው ሲንፏቀቅ ይሰማናል። ተማሪዎቹ ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን ደግሞ ዘወር ብላ...

ይህን የጻፍኩትን መምህራን ማረፊያው ውስጥ ለባልደረቦቼ እያነበብኩ እዚህ ላይ ስደርስ፣ የሰዋሰው እህት መጽሐፍ የጫነ ጋሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። መቼ እንደመጣች ያየ የለም።

"ነፋስ አልነበረም" አለች ቀስ ብላ። "እትዬም ያን ክፍል ረግጣው አታውቅም። ዲኗም አላባረሯትም። እንድትመለስ ቤት ድረስ መጥተው ለምነዋታል። ሰላም የሚላት ሰው ስታጣ ራሷ ናት የቀረችው። ጣውላዋን ወስጄ ባሳያትም አላምን አለችኝ። አሁንም ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ፣ 'ያቺ ሴትዮ እንዴት ናት? በደንብ ታስተምራቸዋለች?' ትለኛለች።"

ጋሪውን ወደ ኮሪደሩ መለሰችው።

"ማንም አልተካትም" አለች። "ልጆቹ በሩን በሩን እያዩ ይቀመጣሉ።"