ጥንዶቹ ኮከቦች በሞልቱ ድንኳን ሥር

ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም እንግዳ እንደሚባለው ሰው ያለ የፊዚክስ መምህር እንደሌለ ያልሰማ ካለ ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ። እንግዳ ራሱ ለሁሉም ነግሯል። ሳሎኑ ውስጥ ያጎራትን አሮጌ ኮምፒዩተርም "የጎፋን መብራት ግማሽ የምትውጥ፣ ለብቻዋ ወፍራም መስመር የተዘረጋላት" ብሎ አስተዋውቋታል። መስመሯ ግን እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ክር የምታህል ነበረች።

የግድግዳ ጎረቤቱ አቶ ሞልቱ ሲያርፉ እድሩ ድንኳኑን እንግዳ በር ላይ ተከለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አስረስ "ወፍራም መስመር እያለ ሌላ ቤት ምን አስኬደን?" ብለው አምፖሉንም የወጥ ማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ምድጃም ከእሱ ቤት አስቀጠሉ። ለለቅሶ መብራት የነፈገ ሰው በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም።

ያን ቀን ኮምፒዩተሯ ዓለም የሚጠብቀው ሥራ ላይ ነበረች። የውጭ አገር ተመራማሪዎች አንድ ሩቅ ኮከብ ድንገት ደምቆ፣ ደብዝዞ፣ እንደገና ሲደምቅ የለኩትን ቁጥር በፍሎፒ ልከውለታል። በመካከል ጥንድ ኮከብ አልፎ፣ ስበቱ እንደ ማጉያ መነጽር የኋለኛውን ብርሃን አጉልቶታል። የእንግዳ ፕሮግራም ጥንዱን አንዴ እያቀራረበ፣ አንዴ እያራቀ፣ አንዱን እያከበደ ከተለካው ብርሃን ጋር የሚገጥመውን ይፈልጋል። መልሱ ዛሬ ኢሜይል ያለበት ዩኒቨርሲቲ ሳይዘጋ ከዚያ ካልተላከ ጥናቱ ያለ እንግዳ ስም ይታተማል።

ምድጃው በተሰካ ቁጥር ግን የቆጣሪው ማብሪያ ጧ! ብሎ ይወርዳል። ኮምፒዩተሯ ትጠፋለች። እንግዳ ፕሮግራሙን ሲጽፍ የደረሰበትን የሚያስቀምጥበት መላ አላበጀለትም፤ እንደሱ ላለ ሰው ውርደት መስሎት። ስለዚህ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ሮጦ ገብቶ ያስነሳና ተመልሶ ይቀመጣል፤ የግድግዳ ጎረቤት ለቅሶ ጥሎ አይጠፋም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ምድጃው ይሰካል፣ ጧ!

ለስንተኛ ጊዜ አስነስቷት ተመልሶ ምድጃው እንደገና ሊሰካ ሲሆን፣ እንግዳ ሊነሳ ቢል ጋሽ አስረስ የኮቱን ጫፍ ያዙት።

"ምን ያቁነጠንጥሃል? ቁጭ በል!"

"ጋሽ አስረስ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መስመሬ እንደ እርስዎ መስመር ቀጭን ነው። ምድጃውንና ኮምፒዩተሯን አንድ ላይ አይችልም።"

"አይ እንግዳዬ! ሐዘኑ ትሑት አደረገህ።"

"እግዚአብሔርን! ስዋሽ ነው የኖርኩት!"

"ሰማችሁ? ይሄ ሰውዬ ሞልቱን እንዴት ቢወድ ነው!" አሉ ጋሽ አስረስ፤ ለቀስተኛው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ያመነው ሰፈር፣ አንዴ እውነት ቢናገር ማን ይስማው!

ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት የሟች ሚስት እትዬ ጤናዬ ብቻ ቀና አሉ።

"አትሰኩት" አሉ በተዘጋ ድምፅ። "ቀዝቃዛውን እንበላለን። ሞልቱ ጎረቤት አስቸግሮ አያውቅም፤ ሞቶም አያስቸግርም።"

ዓይን ሁሉ እንግዳ ላይ አረፈ፤ ጋሽ አስረስ የምድጃውን ገመድ ሊጠቀልሉ እጃቸውን ሰደዱ። እንግዳ ባይፈቀድለት ኖሮ ገመዱን ሰርቆም ቢሆን ይደብቀው ነበር። አሁን ግን ባለ ሐዘኗ ራሳቸው ፈቀዱለት፤ በእሳቸው ፊት እሺ የሚልበት ድፍረት አጣ።

"ይተዉት ጋሽ አስረስ፣ ወጡ ይሙቅ!" አለ እንግዳ።

ቤቱ ገባ። ኮምፒዩተሯ ላይ የጥንዱ ብርሃን መስመር የመጀመሪያውን ጉብታ ተሻግሮ ወደ ሁለተኛው እየወጣ ነበር። ከዚህ በፊት እዚያ ደርሶ አያውቅም። ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለ፤ የስክሪኑ ብርሃን ተሰብስቦ ነጥብ ሆነና ጠፋ።

ሲመለስ ወጡ እየተንተከተከ ነበር። ከጋሽ አስረስ ጎን ቦታው ተቀምጦለታል፤ ሳህንም ተሰጠው።

"ብላ እንጂ" አሉት።

በላ። የድንኳኑ ጥላ ወደ ምሥራቅ እየረዘመ ሄደ፤ የዩኒቨርሲቲው መዝጊያ ሰዓትም አለፈ፤ እንግዳ ከዚያ በኋላ ሊነሳ አልሞከረም።