ለቅሶ ቤት የተበላው ሩዝ

«ይብሉ እንጂ ሲስተር! ያልበላ ሰው እንዴት አድርጎ ያጽናናል?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ሳህኑን ወደ እንግዳዋ እየገፋች።

ሳህኑ ላይ ሩዝና ምስር ነበር። ሲስተር የሚባሉት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ማንኪያውን አነሱ፤ ሩዙን በጫፉ ነካ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ዓይናቸው ሳያስቡት በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የሟቹ ክፍል ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ይህን ያየችው የሟቹ እናት ብቻ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ፊት ላይ መርዶ ስትፈልግ የኖረች ሴት ናት። ስልክ በጠዋት ሲጮህ መኪና የተገለበጠ፣ በማታ ሲጮህ ሰው ሆስፒታል የገባ ይመስላታል። አሁን አንድ ወንድ ልጇን ቀብራ ተቀምጣ፣ ከዚህ የባሰ ምን ሊመጣ ነው በሚባልበት ሰዓት፣ እንደገና ሌላ መርዶ ፈራች። የደበቁኝ ነገር አለ፣ አለች በሆዷ።

ሲስተር ለመሄድ ሲነሱ ተከትላ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ሲሞት ተሠቃይቷል አይደል?»

«ኧረ በፍጹም! የነገሩሽ እውነት ነው። አልተሰማውም።»

«ታዲያ ምግቡን ምነው ተዉት? ክፍሉንስ ምን ያሳይዎታል?»

«ተይው እህቴ። የዚህ ጊዜ ወሬ አይደለም።»

«ካልነገሩኝ እኔ የባሰውን ነው የማስበው!»

ሲስተር የቦርሳቸውን እጀታ አሻሹ። «ሳጥኖቹ» አሉ በመጨረሻ። «ለቅዳሜ የተሰበሰበው እህል እዚያ ነበር። ለችግረኛ የሚታደለው፣ የምግብ ባንኩ።»

እናትየው ሄዳ በሩን ገፋችው። ልጇ ከሞተ ወዲህ አልገባችበትም ነበር። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ተደርድረው የነበሩት ካርቶኖች ግን ክዳናቸው ተዘርጥጦ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። አንድ የተቀደደ የፓስታ እሽግ ጥግ ላይ ወድቋል።

ልብስ ሰፊዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኋላ መጣች። «ምነው፣ ምን ጠፋ?»

«እዚህ የነበረውን ማን ወሰደው?»

«ወጥ ቤት ነዋ! ላንቺ ያስቀመጠልሽ መስሎኝ። ልጇ የሞተባትን ሴት ዘይት አለሽ ወይ ብዬ ልጨቅጭቅ? ሴቶቹማ አንጀታቸው ተላወሰ። ለእናቱ ቤቱን ሞልቶላት ሄደ እያልን፣ እያለቀስን ነው የቀቀልነው።» የሁለቱን ፊት አየችና ድምፅዋ ቀነሰ። «ያንቺ አይደለም እንዴ?»

ሟቹ ልጇ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ቧንቧው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ያራግፋል፤ ከሚራገፈው ዕቃ ቤቱ እንዴት እንደሚኖር ይገባዋል። አንድ ቀን ከጨው በቀር የሚራገፍ ነገር የሌለበት ቤት ገጠመው። ሴትየዋ ዕቃ ገና እያስገባን ነው አለችው። ልጆቿ ግን የሥራ ሣጥኑን ከበው፣ ከመሣሪያው ሁሉ ዓይናቸው የወደቀው በምሳ ዕቃው ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት ሲስተር የሚመሩትን የምግብ ባንክ በር ሄዶ አንኳኳ።

እናቱ አልወደደችለትም። «ገንዘብ የሌለው ባንክ!» ትላለች።

«ወለድ አለው እማ» ይላታል። «ወለዱ የሰው ጥጋብ ነው።»

ከሥራ ሲመለስ በየደጁ እየዞረ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት ይሰበስባል። መጋዘኑ እርጥበት ስላለው፣ እህሉ እስከሚታደልበት ቀን የሚቆየው እሱ ክፍል ነው። «የሰው በር አታንኳኳ» ትለዋለች። «ውሻ ይነክስሃል። ሌባ ነው ብለው ይፈነክቱሃል። ሰውስ ምን ይላል? ልጇን ለልመና አሰማራችው ነው የሚሉኝ!»

ወረቀታቸው የተላጠ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮዎች ይመጡ ነበር፤ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ለሰው ስለማይሰጥ እነዚያ የቤቱ ድርሻ ናቸው። እሁድ እራት ላይ አንዱን መሀል ጠረጴዛ አስቀምጦ «እስቲ ዕጣችን ምን ይሆን?» ይላል። አንዳንዴ አተር ይወጣል፣ አንዳንዴ አናናስ። አንድ ቀን እህቱ ቀድማ ቀመሰችና «ሥጋው ጨው ያንሰዋል» አለች። እሱ አሸተተው። የውሻ ምግብ ነበር። እናትየው ልጄ ተመረዘች ብላ ለሐኪም ልትደውል ስትነሳ፣ በሳቅ እየተንፈራፈረ ስልኩን ቀማት። «ቆይ እማ፣ ነገ ጠዋት አጥንት ካማራት ያኔ እንደውላለን።»

ውሻም አልነከሰው፣ ማንም አልፈነከተው። ኤሌክትሪክ እንዳይዘው፣ ከጣሪያ እንዳይወድቅ ስትለምን ኖራ፣ ሞት እሷ ባልጠበቀችው በር ገባ። ሥራ ቦታው ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ተበጠሰ።

«ቅዳሜ የሚመጣውን ሰው ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ ሲስተር፣ ባዶዎቹን ካርቶኖች በእግራቸው ገለል እያደረጉ። «ሐዘን ነው፤ ይገባቸዋል።»

«ምን ትሏቸዋላችሁ?»

«የለም ነዋ።»

እናትየው ያንን ሰልፍ አይታው አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ የራሷን ቤት ጥፋት ሲያሳያት የኖረው ሐሳብ አሁን የሰው ቤት ወሰዳት። ባዶ ዘንቢል ይዛ የምትመለስ ሴት ታየቻት። በሯን ከመክፈቷ በፊት ቆማ ለልጆቿ የምትለውን ስታሰላስል። ድስት ጥዳ፣ ውሃው ሲፈላ እያየች የሚጨመር ነገር አጥታ።

«የለም አትሏቸውም» አለች። «የእነሱን ምሳ በልተን ነው ልጄን ያለቀስነው።»

የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም፤ የሕክምና ወጪ የሌለው ሞት እንኳ የቀብር ወጪ አለው። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፣ እሱም ልጇን ስትከለክለው የኖረችው።

ተመልሳ ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀመጠች። ቀጥሎ የገባው የመንገዱ ማዶ ባለሱቅ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። «እግዜር ያጽናሽ። ምን ይባላል እንግዲህ።»

«አሜን» አለች። «ሩዝ … ሩዝ ይኖርሃል?»

«አቤት?»

ሴት ልጇ ከጎኗ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «እማ! ሰው ምን ይላል?»

የእናትየው ወንድም፣ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከሻይ ብርጭቆው ቀና አለ። «አንቺ ነሽ ይሄን ያልሽው? ጨው ሲያልቅብሽ ጎረቤት ከምትጠይቂ ያለ ጨው የምትበዪው ሴት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ፊቷ እሳት ሆኖ ነበር። ከዚያ መቀመጥ አቃታትና ቆመች። «ስሙኝ። የበላችሁት ሩዝ የእኔ አይደለም። ልጄ ለሌላቸው ሰዎች የሰበሰበው ነው፤ ሳናውቅ አበሰልነው። ቅዳሜ ሰዎቹ ይመጣሉ። እባካችሁ፣ ስታጽናኑኝ ዕፍኝም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።»

«ሐዘኑ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ጭንቅላቷን ነክቷታል።»

«እንግዲህ የበላነውን ልንተፋ ነው?» አለች ሌላዋ።

ሻዩን ሳይጨርስ ወጥቶ ያልተመለሰ አለ። ባለሱቁ ኮፍያውን መልሶ አጥልቆ ሄደ፤ እናትየውም አስቀየምኩት፣ ከእንግዲህ ቀና ብሎ አያየኝም ስትል አደረች። በማግስቱ ሩዝ የተጫነ ጋሪ አስገፍቶ መጣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ፌስታል ይዞ ይገባ ጀመር። አንዳንዱ አፍሮ ከጫማው አጠገብ ጥሎት ይገባል። ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይጠይቃት የስፌት መኪናዋን ሸጣም ቢሆን ዕዳውን የምትመልስ ይመስል እህል ልትሰበስብ ቤት ለቤት ዞረች። የእናትየው ወንድም ከረጢት ተሸክሞ እያቃሰተ ገባ። «ወገቤን ገደልሽው። ለልጁ ስል ነው፤ ላንቺማ አልሸከምም ነበር።»

ዓርብ ሲመሽ እናትና ልጅ የሟቹ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከረጢቶቹን ሞሉ። ልጅቷ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ አነሳች። «ይሄ ለማን ይሁን?»

«ለማንም። አንዱ ከሌላው ከተለየ ሰው ሰልፍ ላይ ይተያያል ይል ነበር ወንድምሽ።» ይህን ማወቋ ራሷን ገረማት። ስትቆጣው እንጂ ስትሰማው የኖረች አይመስላትም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ለብሳ ተነሳች። «ሐዘንተኛ ቤቷን ጥላ ትወጣለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ግን መንገድ አልዘጋችም። «ሂጂ በቃ። እንግዳውን እኔ እቀበላለሁ። ሩዝ ግን አልቀቅልም!»

ሲስተር ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ አንድ ቦታ አሳዩአት። የማን ቦታ እንደነበር አልነገሯትም። ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ያሰበቻቸው ዓይነት ሰዎች አልነበሩም፤ ደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ፣ ከንፈሯን የተቀባች ወጣት፣ ሕፃን ያዘለ አባት። እያንዳንዱን ከረጢት ስታነሳ ዓይኗ አንዴ ወደ ካርቶኑ፣ አንዴ ወደ ሰልፉ ይሄዳል። አይበቃም። አይበቃም። መጨረሻ የሚቆመው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

መጨረሻ የቆሙት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ካርቶኑ ውስጥ እጇን ስትሰድ የመጨረሻውን ከረጢት አገኘች።

«ያ ተጫዋች ልጅ ዛሬ የለም?» አሉ ሽማግሌው፣ ጠረጴዛውን በእጃቸው እየዳበሱ። «ምነው፣ ሥራ በዛበት?»

መርዶ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ተናግራው ግን አታውቅም።

«ዛሬ እኔ ነኝ የመጣሁት» አለች። «እናቱ ነኝ።»

«እንዲህ ነው! ጎሽ። ሰው ነው የወለድሽው። ሰላም በይልኝ።»

«እሺ።»

ከረጢቱን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው እጀታውን ያዙ፤ የእሷ ጣቶች ግን አልተፈቱም። ልትለቅ ፈለገች፣ እጇ አልታዘዝ አላት። ሽማግሌው አልጎተቱም። ከረጢቱን እንደያዙ፣ ንግግሩን ያልጨረሰ ሰው እንደሚጠበቅ ጠበቋት። እሷም መጀመሪያ ትንሿን ጣቷን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ አንድ በአንድ እያላቀቀች ለቀቀችላቸው።