የኮምቦልቻዋ ሴት

ለደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ፦ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው አቶ ወንድምአገኘሁ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ፍራሹን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ያዛወረ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። የዝውውሩ ምክንያት ለጊዜው አልተገለጸም።

እነሆ ዛሬ እዚያው ፍራሽ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ሚስቱ መሲ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው።

«የኔ ነገር አጭር ነው» አለች። «ኮምቦልቻ የሚያመላልሰው ሴት ከሆነች፣ ቦሩ ሜዳ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ። ታሞ ከሆነ ግን ይናገር፤ አስታምመዋለሁ።»

ወንድምአገኘሁ ሁለት ጊዜ ኮምቦልቻ የወረደው ለሐኪም ነበር። ደሴ ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ስለበዛ ነው። ወጣቱ ሐኪም ደሙን አስመርምሮ፣ «ስኳር ነው። የአልጋውም ነገር የመጣው ከሱ ነው፤ ይታከማል። በሚቀጥለው ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ» አለው። እሱም በትሕትና አመስግኖ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስኳሩንስ ይቀበለው ነበር፤ ስኳር የባለጸጋ በሽታ ነው። የአልጋውን ነገር ለመሲ ከመንገር ግን የሐረጎን ቁልቁለት ፍሬን በሌለው መኪና ቢወርድ ይመርጣል።

ደግሞም ወሬው ተስማምቶታል። ኮምቦልቻ ያየው አንድ ደላላ «እዚያ አንዲት አለችው» ካለ ወዲህ፣ ሰላምታ የሚነፍጉት ነጋዴዎች ትከሻውን እየመቱ፣ «አንተ ድብቅ፤ እኛ እኮ ሞኝ ትመስለን ነበር» ይሉት ጀመር። እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። በዚህ ገበያ ወንድ ቤቱን ሲያፈርስ ይጨበጨብለታል፤ ሲታመም ይሳቅበታል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ስማቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊቆጡ ሞከሩ፤ ፊታቸው ላይ ግን ቅናት ነበር።

«መቼም ወንድ ነህ፤ ይደረጋል። ግን በዘዴ ነው እንጂ እንዲህ አገር ምድሩ እስኪያውቅ? ለመሆኑ ልጅቷ ምን ትሠራለች?»

«ፋብሪካ» አለ ወንድምአገኘሁ። ቃሉ ሲያመልጠው ራሱም ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ደረቱን ነፋ።

«ወጣት ናት?»

«ወጣት ናት።»

«አይ አንተ» አሉ አቶ ስማቸው፣ ተግሣጹን ረስተውት።

መሲ ትክ ብላ አየችው። «ወንዴ፣ ወደኔ ዙር።» እሱ ግድግዳውን ያያል። «ኮምቦልቻ የሄድከው ሁለቴ ነው፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ሱቅ ነህ፤ ማታ እዚህ ትተኛለህ። መቼ ነው የምታገኛት? እኔ የማላውቅህ መስሎህ ነው? ታምሜያለሁ በለኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ እንድሪስ፣ ቀና አሉ። «እስቲ ስሟን ንገረን።»

«ስሟን?»

«አዎ። ሴትዮዋ መቼስ ስም አይጠፋላትም።»

ይህን አላሰበበትም። የሚያውቃቸውን ሴቶች በልቡ ጠራ፤ እናቱ መጣች፣ እህቱ መጣች፣ መሲ መጣች። ሌላ የመጣለት የለም።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉ ጋሽ እንድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አላህ ያመጣው ሕመም አያሳፍርም። ይቺ ልጅ የምትፈልገው አንዲት ቃል ነው። ቤትህ እኮ መፍረሱ ነው።»

መሲ ቦርሳዋን አነሳች። አልወጣችም፤ ጠበቀች። አቶ ስማቸውም አንገታቸውን አስግገው የፋብሪካዋን ልጅ ስም ይጠብቃሉ። ወንድምአገኘሁ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ አቶ ስማቸውን አየ። ዓይኑ እሳቸው ላይ ቀረ።

«አልናገርም» አለ። «ለምን ብላችሁም አትጠይቁኝ። አልናገርም።»